ዋዛ

በዚህ መጽሔት ገጾች ላይ ስለ ቅኔ፣ ስለ ታሪክና ስለ ቋንቋ ማንበብ የለመደ ሰው፤ አንድ የሒሳብ መምህር ብድግ ብሎ ስለ ጌም ልጻፍ ሲል ቢሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ፈገግታውን አልቃወምም። የጨዋታ ነገር በፈገግታ ቢጀመር ነውር የለበትምና። ይሁን እንጂ አንባቢ ፈገግ ካለ በኋላ ጥቂት ታግሦ ቢከተለኝ፤ የምጽፈው ስለ ሕፃናት ማባበያ ብቻ እንዳይደለ ያይልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

አስቀድሜ ራሴን ልግለጽ። እኔ የጌም ሊቅ አይደለሁም። በዛሬው ዓለም ጌምን እንደ ሙያ ይዘው፤ በትልልቅ አዳራሽ በሺህ በሚቈጠር ተመልካች ፊት በብዙ ገንዘብ የሚወዳደሩ ወጣቶች አሉ። እኔ ከእነርሱ ወገን አይደለሁም። የተማሪዎቼን ፈተና አርሜ፣ እራቴን በልቼ፣ ከመኝታ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል የምጫወት፤ ብዙውን ጊዜ የምሸነፍ፤ መሸነፌም እንቅልፍ የማይነሣኝ ሰው ነኝ። ቡና የሚወድ ሁሉ የቡና ነጋዴ አይደለም፤ የእኔም ፍቅር እንደዚሁ ነው።

የምኖረውና የማስተምረው በመንጌ ነው። መንጌን ለማያውቅ አንባቢ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አሶሳ ከደረሰ በኋላ ገና ወደ ሰሜን የሚቀረው መንገድ አለ። አገሩ ሞቃት ነው። ሕዝቡ በርታ፤ ቋንቋውም ሩጣና ይባላል። ምድሩ ወርቅ ያለበት በመሆኑ ወንዱም ሴቱም በየወንዙ ዳር አሸዋ እያጠበ ወርቅ ሲፈልግ ይታያል። የማንጎው ጥላ ለእንግዳ ሰው የመጀመሪያው ቸርነት ነው። የክረምቱ ዝናብ ግን ቸርነት አያውቅም፤ በጀመረ ጊዜ መንገዱንም መብራቱንም ይዞ ይሄዳል።

ከጌም ጋር የተዋወቅሁት ግን በልጅነቴ በደብረ ማርቆስ ነው። የአክስቴ ልጅ ከመርካቶ መዳፍ የምታህል ግራጫ ዕቃ ይዞ መጣ። በሽፋኗ ላይ 9999 ጨዋታ እንዳላት ተጽፎባታል። እኔና ታናሽ ወንድሜ ያን ክረምት ሙሉ ስንቈጥር ከረምን። በእውነት ያሉት ጨዋታዎች በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ፤ የቀረው ያንኑ ጨዋታ በፍጥነትና በደረጃ እየለዋወጡ ቁጥር ማብዣ ነበር። ሒሳብን እንዴት ወደድህ ብለው ሲጠይቁኝ ይህን ለመናገር አፍራለሁ እንጂ፤ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ከሁሉ አብልጠን የወደድነው ከላይ እየወረዱ የሚደረደሩትን ጡቦች ነበር። ስሙን ያወቅሁት ቈይቼ ነው፤ ቴትሪስ ይባላል። የፈጠረው አሌክሴ ፓጂትኖቭ የሚባል ሩስያዊ ነው፤ ዘመኑም በ1984 እ.ኤ.አ.፤ ቦታው በሞስኮ የሳይንስ አካዳሚ የኮምፒዩተር ማዕከል ነበር። በጊዜው ይሠራበት የነበረው ኤሌክትሮኒካ 60 የተባለ መሣሪያ ሥዕል ማሳየት አይችልም ነበርና፤ ጡቦቹን በጽሕፈት ምልክት፣ በቅንፍ ሠራቸው። ጨዋታው ዓለምን ሲያዳርስና ብዙዎችን ሲያበለጽግ፤ ፈጣሪው ከድርሻው መጠቀም የጀመረው ከ1996 ወዲህ ነው። አራት እኩል ካሬዎችን ጐን ለጐን በማያያዝ የሚሠራው ቅርጽ፤ ማዞር እንጂ መገልበጥ ካልተፈቀደ፤ ሰባት ብቻ ነው። አይበልጥም፤ አያንስም። ይህን ለተማሪዎቼ ካሬ ወረቀት እያስቈረጥሁ አሳያቸዋለሁ። ስምንተኛውን ላገኘ መቶ ብር እሸልማለሁ ብዬ ነበር፤ ብሩ እስከ ዛሬ ከኪሴ አልወጣም።

አሁን የምጫወትበት መሣሪያ ጌም ቦይ ይባላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከውጭ አገር ለዕረፍት የመጣ ዘመዴ፤ ልጆቹ የጣሉትን አሮጌ ዕቃ ሲያራግፍ «ይህንስ ትፈልገዋለህ?» ብሎ ሰጠኝ። የተሠራበት ዘመን ከእኔ ዕድሜ ብዙም አይርቅም። በዚህ ላይ ጥቂት እንድቈይ አንባቢ ይፍቀድልኝ፤ የዕቃው ታሪክ ለእንደኛ ዓይነቱ አገር የሚናገረው ነገር አለውና።

የሠራው ኩባንያ ኒንቴንዶ በ1889 እ.ኤ.አ. በጃፓን በኪዮቶ ከተማ የተመሠረተ ሲሆን፤ የመጀመሪያ ሥራው አበባ የተሣለባቸውን የመጫወቻ ካርታዎች ማዘጋጀት ነበር። ጉንፔይ ዮኮይ የተባለ መሐንዲስ በ1965 ሲቀጠርም፤ የተሰጠው ሥራ የካርታ መሥሪያ መኪናዎቹን መጠገን ነበር። ይህ ጠጋኝ ኋላ የእጅ ጌም አባት ሆነ። በባቡር ሲጓዝ አንድ መንገደኛ ሥራ ፈትቶ የሒሳብ ማስሊያውን ቁልፍ ሲነካካ አይቶ፤ በኪስ የሚያዝ ጨዋታ ለመሥራት እንዳሰበ ይነገርለታል። ያ ዕቃ በ1980 ወጣ። ጌም ቦይ ደግሞ በ1989 ተከተለ።

የዮኮይ አሳብ እንዲህ ነበር፤ አዲስ ነገር ለመሥራት የግድ አዲስ ዕውቀት አያስፈልግም። የቈየውን፣ የረከሰውንና ሁሉ የሚያውቀውን መሣሪያ ወስዶ፤ ማንም ያላሰበበት ቦታ ላይ ማዋል ይቻላል። ስለዚህ ጌም ቦይ ቀለም አልነበረውም፤ የነበረው አራት ዓይነት ደብዛዛ አረንጓዴ ጥላ ብቻ ነው። በዚያው ዘመን አታሪና ሴጋ ያወጧቸው የእጅ ጌሞች ቀለምም ብርሃንም ነበራቸው፤ ዳሩ ግን ስድስት የባትሪ ድንጋይ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይጨርሱ ነበር። ጌም ቦይ በአራት የባትሪ ድንጋይ ከዐሥር ሰዓት በላይ ይሠራል። ውጤቱን ገበያው ተናገረ፤ ከባለ ቀለሙ ተከታዩ ጋር በዓለም ላይ ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። አሌክሳንደር ሴሬብሮቭ የተባለ ሩስያዊ የጠፈር ተጓዥም በ1993 ሚር ወደተባለው የጠፈር ጣቢያ ሲወጣ ይዞት ሄዷል፤ የተጫወተውም ያንኑ ቴትሪስ ነበር።

እኔ ይህን ታሪክ ያነበብሁት መንጌ ከገባሁ በኋላ በመሆኑ ደስ ይለኛል። ሐምሌ ላይ መብራት ጠፍቶ ሦስት ቀን ሲያድር፤ የጎረቤቶቼ ውድ ውድ ስልኮች አንድ በአንድ ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። የእኔ አሮጌ ሳጥን ግን ከሱቅ የተገዛ አራት የባትሪ ድንጋይ ከተሰጠው ምንም አይጠይቅም። አንድ ጉድለት ብቻ አለው፤ መስኮቱ የራሱ ብርሃን የለውም። ስለዚህ የሌሊት ተጫዋች መብራት ማብራት ግድ ይሆንበታል። በፋኖስ ብርሃን ጌም የሚጫወት ሰው አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ፤ እኔ አለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ ያየችኝ ጊዜ «አባቴ በዚሁ ዓይነት ነበር ዳዊት የሚደግሙት» ብላ ስቃብኛለች።

እንግዲህ ስለ ትልቁ ጌም ልናገር። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ወጣት ከወርቅ አጠባ ባገኘው ገንዘብ ከአሶሳ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን ሁለትና አንድ ቴሌቪዥን ገዝቶ መጣና፤ በቈርቈሮ ቤት ውስጥ ሁለት አግዳሚ ወንበር ደርድሮ ጌም ቤት ከፈተ። ፕሌይስቴሽን ሁለት በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣ፤ በዓለም ላይ ከ155 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ ነው። ፋብሪካው መሥራቱን ካቆመ ከዐሥር ዓመት በላይ ቢሆነውም፤ በእኛ ዘንድ ገና ሥራ ላይ ነው፤ ጠጋኙም አልጠፋም። ዮኮይ በሕይወት ቢኖርና ቢያየው ደስ ባለው ነበር።

በዚያ ቤት የሚከፈለው በግጥሚያ ነው፤ የተሸነፈ ይነሣል። ጨዋታውም እግር ኳስ ብቻ ነው፤ ልጆቹ ፊፋ ይሉታል። ኩባንያው ከ2023 ጀምሮ ያን ስም መጠቀም ቢተውም ለመንጌ ልጆች ግን ምን ገዷቸው፤ የሚጫወቱበት ሲዲ ከዚያ በፊት የተቀዳ ነው። በሲዲው ላይ ያሉት ብዙዎቹ ተጫዋቾች ዛሬ ጫማቸውን ሰቅለዋል። እዚህ ግን አሁንም ጐል ያገባሉ።

አንዳንድ ቅዳሜ እኔም ሄጄ ከወንበሩ ጫፍ እቀመጣለሁ። ተራዬ ሲደርስ ጆይስቲኩን ይሰጡኛል፤ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ሦስት ለባዶ ያሸንፈኝና «ቲቸር፤ ተነሥ» ይለኛል። በክፍል ውስጥ ቢሆን ይህን ለማለት እንዴት ይደፍር ነበር? በዚያች ወንበር ላይ ግን ሕጉ አንድ ነው። የምሰማው ቋንቋም ደስ ይለኛል፤ ተከላካዩን የሚሳደቡት በሩጣና፣ ዳኛውን የሚለምኑት በአማርኛ፣ ጐል ሲገባ የሚጮኹት አንዱ በኦሮምኛ፣ ሌላው በዐረብኛ ነው። የቴሌቪዥኑ ተናጋሪ በእንግሊዝኛ ይለፈልፋል፤ የሚሰማው ግን የለም። በክልላችን በካማሺና በመተከል ዞኖች ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በነበሩት ዓመታት በጐሣ ስም ብዙ ደም ፈስሷል። ከዚያ ሽሽት የመጣ አንድ ልጅም ከእነዚሁ ልጆች መካከል ይቀመጣል። አንድ የፕላስቲክ ቁልፍ ያን ይሽራል ብዬ አልዋሽም። ልጁ ትከሻውን ከሌላው ልጅ ትከሻ ጋር አጋጥሞ ሲጮኽ ማየቴን ብቻ እናገራለሁ።

ይሁን እንጂ ነገሩ ሁሉ እንዲህ ያማረ አይደለም። ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር የወላጆች ስብሰባ ተጠርቶ፤ ጌም ቤቱ ይዘጋ የሚል ጥያቄ ቀረበ። ልጆች ከክፍል ይቀራሉ፤ ለደብተር የተሰጠ ብር እዚያ ይቀራል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ትልልቆቹ በግጥሚያው ላይ ገንዘብ መወራረድ መጀመራቸው ነበር። የኳስ ውርርድ በየከተማው ከተስፋፋ ወዲህ መንገዱን ማን ያጣዋል?

መጀመሪያ የተናገሩት አንድ ሼህ ነበሩ፤ የልጅ ልጃቸው ተማሪዬ ነው። በሩጣና ተናገሩ፤ ልጁ ራሱ አንገቱን ደፍቶ ተረጐመ። «ወርቅ የሚያጥብ ሰው አንዳንድ ቀን ባዶ እጁን ይገባል፤ ግን አሸዋው ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ይህ ልጅ ከዚያ ሳጥን ውስጥ ምን ሲፈልግ እንደሚውል የሚነግረኝ ሰው እፈልጋለሁ» አሉ። ከዚህ የበለጠ ጥያቄ በጌም ላይ ሲጠየቅ ሰምቼም አንብቤም አላውቅም።

ቀጥሎ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ተነሥቶ፤ ዘመናዊ በሆነ አነጋገር ብዙ ከዘረዘረ በኋላ፤ «ባጭሩ ጌም ማለት ዋዛ ነው!» ብሎ ደመደመ። ተርጓሚው ልጅ ያችን የመጨረሻ ቃል እንዳለች ተዋት። ሽማግሌዎቹ ቀና ቀና አሉ፤ እርስ በርሳቸውም ማጕረምረም ጀመሩ። ባልደረባዬ የደገፉት መስሎት ተቀመጠ።

አንባቢ ሆይ፤ በአማርኛችን ዋዛ ማለት ፌዝ፣ ቀልድ፣ ቁም ነገር የሌለበት ነገር ነው። በበርታ ዘንድ ግን ዋዛ ከቅል ተቀጣጥሎ የሚሠራው ረጅም መለከት ስም ነው። አንዱ አጭር፣ ሌላው ከሰው ቁመት የሚረዝም ሆኖ፤ እያንዳንዱ መለከት አንድ ድምፅ ብቻ ይሰጣል። ዜማው የሚወጣው ነፊዎቹ ሁሉ ተሰልፈው፣ እያንዳንዱ ተራውን ጠብቆ የራሱን አንዲት ድምፅ ሲያገባ ነው። አንዱ ቢዘገይ የሁሉም ይበላሻል። ስለዚህ ጌም ዋዛ ነው የተባሉት ሽማግሌዎች፤ ያ ሳጥን ከመለከታቸው ጋር በአንድ ስም መጠራቱ አልገባቸውም፤ አንዳንዶቹንም አስቈጣቸው። ነገሩ እስኪብራራ ድረስ ሩብ ሰዓት ሄደ። ሲገባቸው ግን የሳቁት ሳቅ የቈርቈሮውን ጣራ ያናውጥ ነበር፤ ከዚያም በኋላ ስብሰባው ለሰላም ተመቸ።

እኔ የመጫወቴ ነገር በከተማው የታወቀ ስለ ሆነ አሳብ እንድሰጥ ተጠየቅሁ። የተናገርሁትን ባጭሩ ልጻፈው። የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች በ2019 እ.ኤ.አ. ባጸደቁትና ከ2022 መግቢያ ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ፤ የጌም ልማድ እንደ ሕመም የሚቈጠርበት ጊዜ እንዳለ ተጽፏል። ይኸውም ሰውየው ራሱን መግታት ሲያቅተው፣ ከኑሮው ሁሉ ጌምን ሲያስቀድም፣ ጉዳቱን እያየም ሲቀጥል፣ ይህም ብዙውን ጊዜ ዐሥራ ሁለት ወር ያህል ሲዘልቅበት ነው። ስለዚህ የወላጆች ሥጋት ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት ግጥሚያ ተጫውቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ልጅ በዚህ መዝገብ ውስጥ የለም። ውርርዱ ደግሞ ከጨዋታ አይቈጠርም። የተሸነፈ ሰው ተነሥቶ ተራውን ከጠበቀ፤ ተጫወተ። የተሸነፈ ሰው የእናቱን ሽንኩርት መግዣ ከሰጠ፤ ያ ሌላ ነገር ነው፤ ስሙም ሌላ ነው። አያቶቻችን ገበጣና ሰንጠረዥ ሲጫወቱ፣ በገና ጨዋታም ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ሲራወጡ፤ ይህን ልዩነት ያውቁት ነበር።

ለሼሁ ጥያቄም የምችለውን ያህል መለስሁ። ልጁ እዚያ የሚፈልገው እንደገና መሞከርን ይመስለኛል አልሁ። በክፍል ውስጥ ፈተና ከወደቀ ዓመት ይጠብቃል፤ እዚያ ግን ተራው እስኪደርስ ብቻ ነው። ሼሁ ይህን ሲተረጐምላቸው አልመለሱልኝም፤ ልጁን ብቻ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

ከዚያ የተወሰነው ይህ ነው። ጌም ቤቱ በትምህርት ሰዓት አይከፈትም፤ ውርርድ የተገኘበት ቀን ለአንድ ወር ይዘጋል፤ የትምህርት ቤት ልጅ ከሁለት ግጥሚያ በላይ አይጫወትም። ባለቤቱ ይህን በወረቀት ጽፎ በበሩ ላይ ለጠፈው። ሦስተኛው ሕግ ሁልጊዜ ይከበራል ለማለት አልችልም። ሁለቱ ግን እስካሁን ጸንተዋል።

የስብሰባው ሳቅ ግን ያላሰብሁትን ነገር አመጣ። በሳምንቱ ተርጓሚው ልጅ ከክፍል በኋላ ቀረና «ቲቸር፤ እነዚህን ጌሞች የሚሠራ ኢትዮጵያዊ አለ ወይ?» አለኝ። አለ አልሁት። በአዲስ አበባ ቅኔ ጌምስ የሚባል ኩባንያ በስልክ የሚጫወቱትን ኩኩሉን ሠርቷል፤ ከገበሬ እጅ አምልጣ የምትሮጥ ዶሮ ናት፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቶታል። ለኩባንያቸው ቅኔ የሚል ስም ማውጣታቸውን ለብቻዬ ሳስበው ደስ ይለኛል፤ ሰምና ወርቅ የለመደ ሕዝብ የተሰወረ ነገር መፈለግ ለእርሱ አዲስ አይደለምና። ዶሮዋን በስልኬ አሳየሁት። ጥቂት አሯሯጣትና «እንግዲያው ዋዛም ይሠራል» አለ።

በማግሥቱ አራት ሆነው መጡ። በሒሳብ ደብተር ካሬ ላይ ሥለውታል። በገጹ ግርጌ መለከቶቹ በቁመታቸው ተሰልፈዋል፤ ከላይ እንደ ቴትሪስ ጡብ እየወረዱ የሚመጡ ጥቁር ካሬዎች አሉ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ቁልፍ ብቻ ይሰጠዋል፤ ካሬው መለከቱ አፍ ላይ ሲደርስ ይጫናል። ብቻውን ማሸነፍ የሚችል የለም። አንዱ ሲስት የሁሉም መስመር ይፈርሳል። ይህን ያሰቡት ማንም ሳይነግራቸው ነው፤ መለከቱን ያውቁታልና።

የቀረው የዜማው ተራ ነበር። የትኛው መለከት ቀድሞ፣ የትኛው ተከትሎ እንደሚገባ አራቱም የየራሳቸውን ተናገሩ፤ አልተስማሙም። ጭቅጭቁ ሲበዛ ልጁ ደብተሩን ይዞ ወደ አያቱ ሄደ። ዓርብ ከሶላት በኋላ ሼሁ ራሳቸው እቤቴ መጡ። ባለቤቴ ቡና አቀረበች። ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት፤ ከዚያ ጣታቸውን በአንደኛው ረድፍ ላይ አሳርፈው በአማርኛ «እንዲህ አይደለም» አሉኝ። እርሳስ ጠየቁ፤ ሰጠኋቸው። ሁለት ካሬ ሰረዙ፤ አንዱን አጠቈሩ፤ በአፋቸው ዝቅ ባለ ድምፅ እያሰሙ እንደገና ቈጠሩ። ቡናው ሦስተኛ ሲደርስ አንድ ገጽ ጨርሰው ነበር። ከዚያ ደብተሩን አጥፈው ከነእርሳሱ በኪሳቸው ከተቱና፤ የቀሩትን ነፊዎች ማማከር እንዳለባቸው ነግረውኝ ወጡ። ይህን በምጽፍበት ሳምንት ድረስ አልመለሱልኝም፤ ልጆቹ በየቀኑ ይጠይቁኛል።